ውቅያኖስ ላይ በጽሑፍ መነጋገር፦ የሰሜን አትላንቲክ የዳታ ሊንክ አገልግሎት በአብራሪ ዓይን ሲመዘን

ከአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ወጥቶ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚበር አውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ የመሬት ራዳር አያየውም፤ በተለመደው የቪኤችኤፍ ራዲዮም ከየትኛውም ተቆጣጣሪ ጋር መነጋገር አይችልም። እኔ በረዳት አብራሪነት ይህን ውቅያኖስ ማቋረጥ በጀመርኩበት ጊዜ ከዚያ ወዲያ ከመሬት ጋር የሚያገናኘን ኤችኤፍ የሚባለው የረጅም ርቀት ራዲዮ ነበር። ድምፁን አንድ ሌሊት ሙሉ ያዳመጠ ሰው አይረሳውም፤ ቆሎ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ በሚመስል ጩኸት ውስጥ አንድ ቀጭን የሰው ድምፅ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ከ35 ሺህ ጫማ ወደ 37 ሺህ ጫማ ለመውጣት ስንጠይቅም የምናነጋግረው ተቆጣጣሪውን ራሱን አልነበረም። በአየርላንድ፣ ባሊገሪን በሚባል ስፍራ የተቀመጠ የራዲዮ ኦፕሬተር ቃላችንን ሰምቶ ይጽፋል፤ የጻፈውን በስኮትላንድ ፕሬስትዊክ ወደሚገኘው የሻንዊክ የውቅያኖስ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይልካል፤ ተቆጣጣሪው ይወስናል፤ ውሳኔው በዚያው መንገድ ተመልሶ ይነበብልናል፤ እኛም ቃል በቃል ደግመን እናነብለታለን። በመካከሉ አንዲት ቁጥር ከጠፋች ሁሉም እንደገና ይጀመራል። አንድ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ሩብ ሰዓት የጠበቅኩበት ሌሊት አለ፤ ያን ጊዜ ሁሉ አውሮፕላኑ ከሚስማማው ከፍታ በታች ሆኖ ነዳጁን በከንቱ ያቃጥላል።

ዛሬ ያው ጥያቄ የሚቀርበው በጽሑፍ ነው። በሁለታችን መቀመጫ መካከል ባለው ሰሌዳ ላይ የምንፈልገውን ከፍታ ጽፈን የመላኪያውን ቁልፍ እንጫናለን፤ መልእክቱም በሳተላይት በኩል አልፎ በቀጥታ ተቆጣጣሪው ፊት ባለው ስክሪን ላይ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በኋላ ፈቃዱ በጽሑፍ ይመጣል። ይህ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲፒዲኤልሲ፣ በአብራሪዎች አንደበት ደግሞ በቀላሉ ዳታ ሊንክ የሚባለው አገልግሎት ነው። በሰሜን አትላንቲክ ላይ ለዓመታት ስለተጠቀምኩበት፣ የት እንደሚታመንና የት እንደሚያሰናክል መመዘን እችላለሁ ብዬ አስባለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ለውቅያኖስ በረራ ከዚህ የተሻለ የመነጋገሪያ መንገድ አላየሁም፤ ነገር ግን ጽሑፍን እንደ ንግግር ላይ ላዩን የሚያነብ ሠራተኛ እጅ ከገባ፣ በራዲዮ ዘመን ያልነበረ የራሱ የሆነ ስሕተት ያመጣል።

ስለ አመጣጡ ጥቂት ማለት ይገባል። ኢካኦ በሚለው ስሙ የሚታወቀው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ወደፊቱ የአየር ጉዞ መገናኛ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር፤ የኮሚቴው ምህጻር ፋንስ ሲሆን ስሙ እስከ ዛሬ በመሣሪያው ላይ ቀርቷል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቦይንግ በ1995 በ747-400 አውሮፕላን ላይ ፋንስ 1 የተባለውን ሥርዓት በደቡብ ፓስፊክ ለሥራ አበቃ፤ ኤርባስም ፋንስ ኤ የተባለውን አቻውን አመጣ። መልእክቶቹ የሚጓዙት ኤካርስ በሚባለው የመልእክት መረብ ላይ ነው። ይህ መረብ ከ1978 ጀምሮ አየር መንገዶች የመነሻና የመድረሻ ሰዓት፣ የሞተር መረጃና የመሳሰለውን የቤት ውስጥ ጉዳይ ሲለዋወጡበት የቆየ ነው። ለቢሮ ሥራ በተዘረጋ መስመር ላይ የሰው ሕይወት የሚመካበት የበረራ ፈቃድ እንዲጓዝ ተደረገ ማለት ነው፤ ከዚህ በታች ከማነሣቸው ድክመቶች አንዱ የተወለደው ከዚህ ነው።

በሰሜን አትላንቲክ አገልግሎቱ ከ2013 ጀምሮ በየደረጃው ግዴታ እየሆነ መጥቶ፣ ዛሬ ከተወሰኑ ክልሎች በስተቀር ከ29 ሺህ ጫማ በላይ ባሉት ዋና ዋና የበረራ ከፍታዎች ዳታ ሊንክ የሌለው አውሮፕላን በመደበኛነት አይስተናገድም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ቦይንግ 787ን፣ በ2016 ደግሞ ኤርባስ ኤ350ን ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ መረከቡ ይታወሳል፤ ሁለቱም ይህን መሣሪያ ይዘው የሚሠሩ አውሮፕላኖች ናቸው። ስለዚህ በእነዚህ አውሮፕላኖች አትላንቲክን አቋርጦ ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ የወረደ አንባቢ ሳያውቀው የዚህ አገልግሎት ተጠቃሚ ሆኗል።

አገልግሎቱ የሚጀምረው ሎግ ኦን በሚባለው ምዝገባ ነው። ወደ ውቅያኖሱ ክልል ከመግባታችን ከ10 እስከ 25 ደቂቃ ቀደም ብለን የማዕከሉን ባለ አራት ፊደል መለያ እናስገባለን፤ የሻንዊክ መለያ ኢ ጂ ጂ ኤክስ፣ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ የሚገኘው የጋንደር ደግሞ ሲ ዜድ ኪው ኤክስ ነው። የማዕከሉ ኮምፒውተር የበረራ ስማችንንና የአውሮፕላኑን የምዝገባ መለያ በእጁ ካለው የበረራ ዕቅድ ጋር ያስተያያል፤ ከተስማሙ ይቀበለናል፤ ካልተስማሙ ግን ምክንያቱን ሳያብራራ ይመልሰናል።

አንድ ምሽት ለመነሣት ጥቂት ሲቀረን አውሮፕላናችን በብልሽት ምክንያት ተቀየረ። ተሳፋሪው ተዛወረ፣ ሻንጣው ተዛወረ፣ ነዳጁ ተሞላ፤ በተላለፈው የበረራ ዕቅድ ላይ ያለው የምዝገባ መለያ ግን የቀድሞው አውሮፕላን እንደሆነ ቀረ። አየርላንድ ላይ ስንደርስ ሦስት ጊዜ ለመመዝገብ ሞከርን፣ ሦስት ጊዜም ተመለስን። እኔ የሳተላይት መገናኛው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የመሣሪያውን ገጾች ሳገላብጥ፣ ረዳት አብራሪዬ የዕቅዱን ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከፊት ለፊቱ ከተለጠፈችው የመለያ ሰሌዳ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከረ። የመጨረሻዋ አንዲት ፊደል ትለያለች። በራዲዮ አሳውቀን ተስተካከለልን። ጥፋቱ የመሣሪያው አልነበረም፤ ሆኖም ለምን እንዳልተቀበለን በአንዲት መስመር ቢነግረን ኖሮ፣ ወደ ውቅያኖስ ለመግባት በምንዘጋጅበት በዚያ ሥራ በሚበዛበት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ባልባከነ ነበር። ይህ ከአገልግሎቱ ትልልቅ ጉድለቶች አንዱ ነው እላለሁ።

ጉድለቱ ጥቃቅን ነገር እንዳይመስል የታወቀ መዝገብ አለ። በሰኔ ወር መጀመሪያ 2009 ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ሲበር አትላንቲክ ላይ የወደቀው የኤር ፍራንስ 447 ሠራተኞች ከአደጋው በፊት በዳካር ማዕከል ሦስት ጊዜ ለመመዝገብ ሞክረው ነበር፤ እዚያ ያለው ሥርዓት የበረራ ዕቅዳቸውን ስላላገኘ ሦስቱንም ጊዜ አልተቀበላቸውም። አደጋውን ያመጣው ይህ አይደለም፤ የመርማሪዎቹ ሪፖርት የሚያስረዳው የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ መደፈናቸውንና ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ ከሠራተኞቹ ቁጥጥር መውጣቱን ነው። ነገር ግን 228 ሰዎች የያዘ አውሮፕላን በሌሊት ውቅያኖስ ላይ ሆኖ "አለሁ" ሲል ማሽን "አላውቅህም" ብሎ የሚመልስበት ሁኔታ፣ ከማሽኑ ጀርባ ያለ ሰው ወዲያው ሊያየውና ሊጠይቅበት የሚገባ ነገር ነው።

አንዴ ከተመዘገቡ በኋላ ግን ሥራው ያረካል። በምበርረው 787 ላይ መልእክት ሲመጣ አንዲት ለስላሳ የደወል ድምፅ ትሰማለች፣ ጽሑፉም ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ከንፋስ መከላከያው መስታወት በታች፣ ከዓይናችን ትይዩ ባለው ጠርዝ ላይ፣ መቀበያ፣ መሰረዣና አለመቀበያ የሆኑ ሦስት ትንንሽ ቁልፎች አሉ። እጃችን ወደ ቁልፎቹ ከመሄዱ በፊት የምንከተለው ሥርዓት አለ፤ ሁለታችንም መልእክቱን ለየብቻችን፣ ድምፅ ሳናሰማ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናነበዋለን፤ ያነበብነውን የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ጮክ ብሎ ካነበበ ሌላው በጆሮው የሰማውን በዓይኑ ያየው ይመስለዋል፤ አንዱ የሳተውንም ሁለቱም ይስቱታል። ከተስማማን "ዊልኮ" ብለን፣ እንፈጽማለን ማለታችን ነው፣ እንመልሳለን፤ ካልቻልን "አንኤብል"፤ ማሰቢያ ጊዜ ካስፈለገን "ስታንድባይ"።

ከመልእክቶቹ ሁሉ እኔ አብልጬ የማመሰግናት አንዲት አለች። ውቅያኖሱ ላይ እንዳለን ማዕከሉ የተመደበላችሁን መንገድ አረጋግጡ የሚል ጥያቄ ይልካል። እኛ መልሱን በእጃችን አንጽፍም፤ የአውሮፕላኑ ኮምፒውተር በውስጡ ያለውን፣ በእርግጥም የሚከተለውን ቀሪ መንገድ ነጥብ በነጥብ አሰናድቶ ያቀርባል፣ እኛ እንልከዋለን፣ በመሬት ያለው ኮምፒውተርም ከፈቃዱ ጋር ያመሳክረዋል። ጥቅሙን ለመረዳት የውቅያኖስ መንገዶች ዛሬ በግማሽ ዲግሪ ልዩነት ጭምር እንደሚሰመሩ ማወቅ ይበቃል። የብዙ አውሮፕላኖች ስክሪን ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ሲል የነጥቡን ስም አሳጥሮ ስለሚያሳይ፣ 50 ዲግሪ የሆነ ነጥብና 50 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ የሆነ ነጥብ ለዓይን አንድ ይመስላሉ። በመካከላቸው ግን 30 የባሕር ማይል አለ፤ ጎረቤት አውሮፕላን የሚበርበት ርቀት ማለት ነው። ደክሞት የተሳሳተ ነጥብ ያስገባ አብራሪ ስክሪኑን ደጋግሞ ቢያይም ስሕተቱን ላያገኘው ይችላል። ይህች መልእክት ግን ታገኘዋለች።

ቀጥሎ የማነሣው የቋንቋ ጉዳይ አፋቸውን በአማርኛ ፈትተው በእንግሊዝኛ የሚሠሩ ባልደረቦቼን ይበልጥ ይመለከታል። በራዲዮ ላይ የእኛ እንግሊዝኛ ከስኮትላንዱ፣ ከኒውፋውንድላንዱና ከኒውዮርኩ አነጋገር ጋር መስማማት አለበት፤ በኤችኤፍ ጩኸት ውስጥ አሥራ አምስትንና አምሳን በእንግሊዝኛ መለየት ለተወላጁም ይከብዳል። ጎበዝ የሆነ ወጣት ረዳት አብራሪ ተቆጣጣሪውን ሦስተኛ ጊዜ "ድገምልኝ" ማለት አሳፍሮት፣ በግምት ሊመልስ ሲል እጁን የያዝኩበት ጊዜ አለ። በጽሑፍ ላይ ዘዬ የለም፤ ሁላችንም ያንኑ የተወሰነ የመልእክት ዝርዝር እንጠቀማለን፣ ሁላችንም እኩል እንነበባለን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው አባባልም እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። በረጅም በረራ ላይ ሠራተኞች ተራ በተራ ለእረፍት ስለሚሄዱ፣ ከእረፍት የተመለሰው አብራሪ እሱ ተኝቶ ሳለ የተሰጠውን ፈቃድ ከባልደረባው ትዝታ መቀበል አያስፈልገውም፤ የመልእክቶቹን መዝገብ ከፍቶ ከነሰዓቱ ያነበዋል።

የድምፅ ራዲዮ ሌላው ሕመም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ መናገር መቻሉ ነው። በመጋቢት 1977 በቴኔሪፍ ሁለት 747 አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲያልቁ፣ ከማማው የመጣው የጠብቁ ትእዛዝና ከሌላኛው አውሮፕላን የመጣው ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን የሚለው ቃል በአንድ ቅጽበት ተደራርበው፣ ለመነሣት በሚንደረደረው አውሮፕላን ውስጥ እንደ ፉጨት ባለ ድምፅ ተሸፍነው ነበር። ዳታ ሊንክ የማኮብኮቢያ ላይ መሣሪያ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት መልእክት ተጋጭቶ አንዱ ሌላውን የሚያጠፋበት ነገር በእርሱ ዘንድ የለም። እንዲያውም በአውሮፓ ሰማይ ላይ አንድ አብራሪ ማይክሮፎኑ ተጣብቆበት ፍሪኩዌንሲውን በሙሉ ሲዘጋ፣ ተቆጣጣሪው በዳታ ሊንክ ለተገናኙት አውሮፕላኖች ሁሉ ማይክሮፎናችሁን ፈትሹ የሚል ጽሑፍ የሚልክበት አገልግሎት አለ። ድምፅ በታፈነበት ሰዓት ጽሑፍ ሲያልፍ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። የዳታ ሊንክ አደገኛው መልእክት ቅድመ ሁኔታ ያለው ፈቃድ ነው። አሁን ውጣ የሚለውና እዚህ ነጥብ ስትደርስ ውጣ የሚለው በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ የሚለያዩት "አት" በምትባል ባለ ሁለት ፊደል ቃል ነው፤ ቃሏም የምትመጣው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ዓይን ደግሞ ሲጓጓ የሚሮጠው ወደ ቁጥሩ ነው። አንድ ሌሊት ከፍታ ከጠየቅን ሃያ ደቂቃ አልፎን፣ በዝቅተኛው ከፍታ ላይ ንውጥውጡ ተሳፋሪውን እያሰቃየ ሳለ ደወሏ ተሰማች። ስክሪኑ ላይ 370፣ ማለትም 37 ሺህ ጫማ፣ የሚለውን ቁጥር አየሁ፣ እጄም ወደ መቀበያው ቁልፍ ሄደ። አጠገቤ የተቀመጠችው ረዳት አብራሪ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ "ካፕቴን፣ 'አት' የምትለዋን አይተዋታል?" አለችኝ። መልሼ አነበብኩት፤ ፈቃዱ 30 ዲግሪ ምዕራብ ስንደርስ የሚፈጸም ነበር። እኛ ግን ገና ያን ነጥብ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይቀረናል፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ 37 ሺህ ጫማ ላይ ማን እንዳለ የሚያውቀው ተቆጣጣሪው ብቻ ነው። ያቺን ረዳት አብራሪ አመሰገንኳት፤ ከዚያ ሌሊት ጀምሮም አብሮኝ ለሚበር ሁሉ ይህንኑ እነግራለሁ።

የዚህ ዓይነቱ ስሕተት የእኔ ብቻ አይደለም፤ የሰሜን አትላንቲክ መመሪያዎች ስለ ቅድመ ሁኔታ ፈቃድ አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት በተደጋጋሚ ስለተፈጸመ ነው። ተቆጣጣሪዎችም አሁን ካለህበት ከፍታ አትነቃነቅ የሚለውን ትእዛዝ አስቀድመው ጊዜውንና አዲሱን ከፍታ እንዲያስከትሉ ይመከራል፤ ይህ ሲደረግ መልእክቱ ይረዝማል፣ አብራሪው ግን ቆም ይላል። በእኔ እምነት ማሳያ ስክሪኖቹ ቅድመ ሁኔታውን በተለየ ቀለም ወይም በተለየ መስመር ቢያሳዩት ከማስጠንቀቂያ ሁሉ ይበልጥ ይጠቅም ነበር። ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ትእዛዝ በአንድ መልእክት ሲመጣ መልሱ ለሁሉም አንድ ነው። ከፍታውን መፈጸም ችለን ፍጥነቱን ካልቻልን የምንመልሰው "አንኤብል" ነው፤ ግማሹን መቀበል የሚባል ነገር የለም። እኛም በአንድ መልእክት ሁለት ጥያቄ ማጨቅ የለብንም፤ ተቆጣጣሪው የቱን እንደፈቀደ ማወቅ ያስቸግራልና።

ሁለተኛው ሥጋት መዘግየት ነው። በራዲዮ የተነገረ ቃል ወይ አሁን ይሰማል ወይ ጨርሶ አይሰማም፤ በጽሑፍ የተላከ ቃል ግን መንገድ ላይ ሊያድር ይችላል። በ2017 በአንድ የሳተላይት መረብ ውስጥ ተይዞ የቆየ የከፍታ ፈቃድ ከብዙ ሰዓታት በኋላ፣ ያው አውሮፕላን ሌላ በረራ ላይ ሳለ ደረሰ፤ ሠራተኞቹም የእነርሱ መስሏቸው መውጣት ጀመሩ። በዚህ ምክንያት በርካታ የአየር ትራፊክ አገልግሎቶች መረቡ እስኪስተካከል ድረስ የዚያን ሳተላይት የዳታ ሊንክ አጠቃቀም ለጊዜው አግደው ነበር። ለቢሮ ደብዳቤ የተዘረጋ መረብ ያልኩት ይህን ለማለት ነው፤ የዘገየ ደብዳቤ ዘግይቶም ቢሆን ቢደርስ ጥሩ ነው፣ የዘገየ የበረራ ፈቃድ ግን ባይደርስ ይሻላል። መድኃኒቱ በአውሮፕላኑ ውስጥ የመልእክቱን ዕድሜ የሚቆጣጠር ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ማዕከሉ ሲያዘን ገደቡን እናስገባለን፣ ከገደቡ ያለፈ መልእክት ሲመጣም መሣሪያው ይለየዋል። ይህን ትእዛዝ ሠራተኛው እንደ ተራ ማስታወሻ አይቶ እንዳያልፈው እለምናለሁ።

ሦስተኛው ጉዳት ለመለካት ያስቸግራል፤ እሱም የጋራ ጆሮ መጥፋቱ ነው። በራዲዮ ጊዜ ከፊታችን ያለው አውሮፕላን ስለ ንውጥውጥ ሲያማርር ሁላችንም እንሰማ ነበር፤ ተሳፋሪ ቀበቶውን እንዲያስር ቀድመን እናዝዝ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ከተቆጣጣሪው ጋር በግል ይጻጻፋል፤ ኮክፒቱ ጸጥ ብሏል። አብራሪዎች ለእርስ በርስ ወሬ በሚጠቀሙበት በ123.45 ሜጋኸርትዝ ፍሪኩዌንሲ ላይ የአየሩን ሁኔታ መለዋወጥ ይህን በከፊል ይተካል፤ ነገር ግን መጠየቅን ይፈልጋል፣ ያልጠየቀ አይሰማም።

ስለ አውሮፓ የየብስ ሰማይ በአጭሩ ብቻ ልበል። የቤልጂየምን፣ የኔዘርላንድስን፣ የሉክሰምበርግንና የሰሜን ምዕራብ ጀርመንን የላይኛ ሰማይ የሚቆጣጠረው የማስትሪክት ማዕከል ከ2003 ጀምሮ በዳታ ሊንክ ይሠራል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ28,500 ጫማ በላይ ግዴታ አድርጎታል። ለአውሮፕላኖች በ2015 ሊጸና የነበረው ቀን ግን ግንኙነቱ በተደጋጋሚ እየተቋረጠ ስላስቸገረ ወደ 2020 ተላለፈ፤ ብዙ አውሮፕላን በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ መጨናነቁ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። እዚያ ለፍሪኩዌንሲ ቅያሪና ለአቋራጭ መንገድ ጥሩ ረዳት ነው። ከዚህ አልፎ አልመክረውም፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልተሰጠ መልእክቱ ጊዜው ያልፍበታል፣ በሚጠጋጋ ትራፊክ መካከል ደግሞ ሁለት ደቂቃ ረጅም ጊዜ ነው። አጣዳፊ ነገር በድምፅ ይነገር።

በውቅያኖሱ ላይ ግን አገልግሎቱ ያስገኘው ፍሬ በዓይን የሚታይ ነው። ቀድሞ ጎን ለጎን በሚበሩ አውሮፕላኖች መካከል 60 የባሕር ማይል ይተው ነበር፤ ከመጋቢት 2018 ጀምሮ መገናኛቸው መልእክት ልኮ መልስ ለማግኘት በተቀመጠው የ240 ሰከንድ መለኪያ የተረጋገጠላቸውና የቦታ ሪፖርታቸው በዳታ ሊንክ የሚላክ አውሮፕላኖች ወደ 23 የባሕር ማይል መቀራረብ ቻሉ። በ2019 ከሳተላይት ላይ ሆኖ የአውሮፕላኖችን ቦታ የመከታተሉ ሥራ ሲጀመር ተከታትለው የሚበሩት መካከል ያለው ርቀት እስከ 14 የባሕር ማይል ዝቅ አለ። ይህ ማለት ቀድሞ ቦታ የለም እየተባለ የሚከለከለው ከፍታ ዛሬ ይፈቀዳል ማለት ነው። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮም ሻንዊክና ጋንደር የውቅያኖስ ክሊራንስ ይባል የነበረውን የተለየ ፈቃድ መስጠት አቁመው፣ ለውጥ ሲያስፈልግ በዳታ ሊንክ ያሳውቃሉ። አገልግሎቱ ከረዳትነት ወደ ምሰሶነት ተሸጋግሯል፤ ስለዚህ ከላይ የዘረዘርኳቸው ጉድለቶች ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ ይከብዱኛል።

አንድ ነገር ብቻ ጽሑፉን ሳልጠብቅ አደርጋለሁ። ከፊቴ የነጎድጓድ ደመና ሲቆም ከመንገዴ ለመውጣት በዳታ ሊንክ እጠይቃለሁ፤ ለዚህ የተዘጋጀው ጥያቄ በተቆጣጣሪው ዘንድ ቅድሚያ ያገኛል። መልሱ ሳይመጣ ደመናው ከደረሰ ግን መብራቱን ሁሉ አብርቼ፣ በእርስ በርሱ ፍሪኩዌንሲ ተናግሬ፣ ከመንገዴ ከ5 የባሕር ማይል በላይ መራቅ ካለብኝም ደንቡ እንደሚያዘው በ300 ጫማ ከፍታዬን ለውጬ እሄዳለሁ። ተሳፋሪዬን ደመና ውስጥ ይዤ ስክሪን ላይ አላፈጥም።

ለረጅም ርቀት በረራ አዲስ የሆኑ ባልደረቦቼ በዚህ አገልግሎት ተማምነው እንዲሠሩበት፣ ከመመዝገባቸው በፊት ግን መለያቸውን ከዕቅዱ ጋር እንዲያመሳክሩ፣ "ዊልኮ" ከማለታቸውም በፊት የመልእክቱን የመጀመሪያ ቃል እንዲያነቡ እመክራለሁ። ስልጠናውም የቁልፍ አጫጫንን ብቻ ሳይሆን አነባበብን ማስተማር አለበት፤ ያየኋቸው አብዛኞቹ የስልጠና ሰዓቶች ለቁልፉ ብዙ፣ ለንባቡ ጥቂት ይሰጣሉ።

30 ዲግሪ ምዕራብ ስንደርስ ከሻንዊክ ወደ ጋንደር እንሻገራለን። ማንም ምንም ሳይነካ በስክሪኑ ላይ ያሉት አራት ፊደላት ተለውጠው ሲ ዜድ ኪው ኤክስ ይሆናሉ፤ ዝውውሩ በሁለቱ ማዕከላት መካከል ቀድሞ ተጠናቋል። እኔ ግን ያን ጊዜ የኤችኤፉን ማይክሮፎን አንሥቼ የጋንደርን ራዲዮ እጠራለሁ፣ ሴልካል የሚባለውን የራዲዮ ጥሪ ደወል እንዲፈትሹልንም እጠይቃለሁ፤ ሳተላይቱ ዝም ቢል መሬት ላይ ያለው ሰው ደወል ደውሎ ሊቀሰቅሰን የሚችለው በዚህ ብቻ ነውና። ቆሎው ይንጣጣል፣ ቀጭኗ ድምፅ ትመጣለች፣ ከዚያም ደወሉ ኮክፒቱ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል። እስኪሰማ ድረስ ማይክሮፎኑን ከእጄ አላስቀምጥም።